የነፋሱ መጽሐፍ ማሰሪያ

በአውራዝ ምድር የመከር በዓል በሚከበርበት ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ በቤተ መንግሥቱ ጉልላት የሰፈሩት እርግቦች ሁሉ በአንድ ጊዜ ብር ብለው ተነሥተው ወደ ሰሜን ሸሹ። ሕዝቡ ቀና ብሎ አየ። አረጋውያኑ «ይሄ ደግ ምልክት አይደለም» ተባባሉ። ከበሮው ግን አልቆመም፤ ጠባቂዎቹም የንግሥት እሌናትን መጽሐፍ በሐር ጥላ ሥር አድርገው ወደ አደባባዩ መውረዳቸውን አላቋረጡም።

መጽሐፏ ትንሽ ናት። ከሰው መዳፍ እምብዛም አትበልጥም። የአውራዝ ሰው ሁሉ ግን፣ ጡት ከሚጠባው በቀር፣ በውስጧ ምን እንደታሰረ ያውቃል። በጥንት ዘመን ሀሩራ የሚባል ነፋስ በምድሪቱ ላይ ነግሦ ነበር። ምንጩን ይጠጣል፣ አዝመራውን ያከስላል፣ በእናት ጡት ውስጥ ወተቱን ያደርቃል። ጦር አይወጋው፣ ግንብ አይመክተው። ንግሥት እሌናት ነፋሱ በየዕለቱ ያደረገውን በብራና ላይ ትጽፍ ጀመር፤ የማን እርሻ እንደተቃጠለ፣ የማን ልጅ እንደሞተ፣ የትኛው ወንዝ እንደነጠፈ። ሀሩራም እንደ ትዕቢተኛ ሁሉ ስለ ራሱ ሲነገር መስማት ይወድ ነበርና እየተጠጋ፣ እየተጠጋ በመስመሮቹ መካከል ገባ። ሙሉ በሙሉ የገባ ዕለት ንግሥቲቱ መጽሐፏን ከደነቻት፤ ደጓሿም ጠፍር ጎንጉኖ፣ ዱምራ ከሚባል የተራራ አውሬ ቀንድ ቁልፍ አበጅቶ አሰራት። ከዚያ ወዲህ በአውራዝ ዝናብ በወቅቱ ዘነበ።

በዚያ የበዓል ቀን፣ ጠባቂዎቹ የአደባባዩን ደረጃ ሲወርዱ፣ ዘመን የበላው የቀንድ ቁልፍ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ።

መጽሐፏ የተከፈተችው የጣት ስፋት ያህል ብቻ ነበር። ከዚያች ክፍተት የወጣው ትንፋሽ ግን የሐሩን ጥላ አመድ አደረገው፤ ጥላውን የያዙት ሰዎች እንደ ደረቀ አገዳ ወደቁ፤ በማዶው ኮረብታ ላይ ለአጨዳ የደረሰው ገብስ ዓይን እያየ ነጣ። ሰው ሁሉ ሲሸሽ አንድ ወጣት የቤተ መንግሥት ዘብ ወደ ፊት ሮጠ። ኤዛር ይባላል፤ የዘቦቹ አለቃ የሻለቃ ዋርዳን አንድ ልጅ ነው። መጽሐፏ ላይ ተወርውሮ በሁለት ክንዱ ደረቱ ላይ ጥርቅም አድርጎ ዘጋት። ነፋሱ ቆመ።

ንጉሥ አዝማራን አንጥረኞችን አስጠሩ። የብረት ሰንሰለት ተሠራ፤ እንደ ፍም ቀልቶ ተበጠሰ። ገመድ ተገመደ፤ በኖ ጠፋ። የመጽሐፏ ጠባቂ የነበሩት ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ብረት ደም የለውም። ሀሩራን እርጥበት ያለው ነገር እንጂ ሌላ አይይዘውም። ሰው ሲይዘው መጀመሪያ የሰውየውን ደም ይጠጣል፤ እየጠጣ ሳለ አይወጣም።»

ኤዛር በአባቱ ዓይን ፊት ደርቆ ሞተ። መጽሐፏን ከእሱ ክንድ ወደ ሌላ ዘብ ክንድ ሲያዛውሯት፣ በዚያች የዓይን ጥቅሻ፣ ምንጬራ የምትባለው መንደር ከነከብቷ ነደደች። አሁን ሁለተኛው ዘብ እየደከመ ነው። ማን ይቀበለው? በቅብብሉስ የትኛዋ መንደር ትጥፋ? ንጉሡና መኳንንቱ በዚህ ጭንቅ ላይ ሳሉ ነው መጽሐፍ ደጓሹ ምሕርካ ከዙፋኑ ፊት የቀረቡት።

ምሕርካ ቆዳ ሲያለፉና ለመጻሕፍት ልብስ ሲያበጁ የኖሩ፣ ትከሻቸው የጎበጠ ሰው ናቸው። ከጎናቸው አንዲት ልጃቸው ቀጸላ ቆማለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ሙያውንም ያስተማሯት እሳቸው።

«ንጉሥ ሆይ» አሉ ምሕርካ፣ «የቀድሞው ማሰሪያ በእጅ ተሠርቶ ነበር፤ አሁንም በእጅ ይሠራል። ቁልፉ ግን ከዱምራ ቀንድ ካልሆነ አይሆንም። የዱምራ ቀንድ በውስጡ ጤዛ አለው፤ ነፋሱ ጠጥቶ አይጨርሰውም። ልጄ ሄዳ ታምጣው። እስክትመለስ መጽሐፏን እኔ እይዛለሁ። በሚስቴ አጥንት፣ በዚች በአንድ ልጄ ሕይወት እምላለሁ፤ ማሰሪያው ተሰፍቶ እስኪያልቅ ክንዴን አልፈታም። ከእኔ ሌላ የሚቀበል አይኖርም፤ ከእኔም በኋላ የምትቃጠል መንደር አትኖርም።»

ቀጸላ መሐላውን እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ያን ጊዜ ነው የሰማችው። የንጉሥ ፊት መሆኑን ረስታ እጃቸውን ያዘች።

«አባዬ፣ ምን ማለትዎ ነው? እኔ ልያዛት፤ እርስዎ ይሂዱ!»

«በዚህ ጉልበት ተራራ ይወጣል?»

«ታዲያ ሌላ ሰው ይላክ!»

«ሌላ ሰው ቀንዱን ያመጣል። የሚሰነጠቀውን ቀንድ ከማይሰነጠቀው ማን ለይቶ ያውቃል? የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ፤ አውቃለሁ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በይ ሂጂልኝ። ስትሄጂም ወደ ኋላ እያየሽ አታስጨንቂኝ።»

መጽሐፏ ወደ ምሕርካ ክንድ ስትዛወር ከከተማዋ በስተምሥራቅ ያለው ጥድ ሁሉ ነደደ። ዘቡ በወደቀበት ቀረ። ምሕርካም በአዳራሹ መካከል በተነጠፈ አጎዛ ላይ ተቀምጠው መጽሐፏን በደረታቸው ላይ አቀፏት፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀጸላ ወስፌዋን፣ ሞረዷንና ትንሽ መጋዟን በከረጢት ይዛ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ መዞር ፈልጋ አንገቷ ከበዳት። አልዞረችም።

ከደጅ ሻለቃ ዋርዳን ይጠብቃት ነበር። ከልጁ ሞት በኋላ ጢሙን አላስተካከለም፤ ሰይፉን ግን ታጥቋል።

«እኔም እሄዳለሁ» አለ። «ልጄ የጀመረውን ሥራ ሳልጨርስ ብተወው፣ ይህ ሰይፍ በእኔ ላይ ይመለስ።»

«ጋሼ ዋርዳን፣ መንገዱ ክፉ ነው ይላሉ።»

«ቤቴ ከመንገዱ ይብሳል፤ ልጄ» አላት።

መንገድ መሪ የሆነቻቸው እንኮይ ነበረች። ከተራራው ግርጌ የተወለደች፣ የአውሬ ዱካ እንደ ጽሑፍ የምታነብ፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። በሐመዳ ተራራ ላይ አንድ ዱምራ እንደቀረ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። የቀሩትን ዱምራዎች የጥንት ነገሥታት ለዋንጫና ለሰይፍ እጀታ ሲሉ አድነው ጨርሰዋቸዋል።

ሦስቱም የሰሌንን ሜዳ ተያያዙት። ሜዳው በሌላ ዘመን አበባ የሚለብስ ነበር፤ አሁን ግን አፈሩ ከእግራቸው ሥር እንደ ዱቄት ይቦን ነበር። በአዳራሹ ውስጥ ምሕርካ አጥብቀው ቢይዙም በመጽሐፏ ጠርዝ ቀጭን ትንፋሽ ሾልካ መውጣቷ አልቀረም። ያች ትንፋሽ ተከተለቻቸው። መጀመሪያ በከንፈራቸው ላይ መጣች፤ ሰነጠቀችው። ቀጥላ ወደ ጆሯቸው ወጣች።

ቀጸላ በቀትር፣ በፀሐይዋ መካከል፣ የአባቷን ድምፅ ሰማች።

«ልጄ፣ ተመለሺ። ደከመኝ። ክንዴ ሊፈታ ነው።»

ቆመች። እንኮይ ወዲያው ክንዷን ያዘቻት።

«ማን ጠራሽ?»

«አባቴ።»

«አባትሽ አይደለም። ሜዳው ነው። ሰም ካለሽ ጆሮሽን ድፈኝ።»

ቀጸላ ለክር የምትቀባውን ሰም ከከረጢቷ አውጥታ በጥርሷ ቆረሰች፤ አለስልሳም የራሷንና የእንኮይን ጆሮ ደፈነች። የቀረውን ለዋርዳን ዘረጋችለት። ዋርዳን ግን አልተቀበለም። ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ቆሟል። በዚያ በኩል ሜዳው ተቆርጦ ገደል ይሆናል። ልጁ ከሞተ ወዲህ ያላዩት ነገር በፊቱ ላይ ነበር፤ ፈገግታ።

«ኤዛር ነው» አላት። ድምፁን ባትሰማም ከከንፈሩ አነበበችው። «ውኃ ጠማኝ ይለኛል።»

«ጋሼ ዋርዳን፣ አይደለም! ኤዛር ሞቷል! ቀብረነዋል!»

«አውቃለሁ» አለ ዋርዳን። «አውቃለሁ እኮ። ግን ሲጠራኝ እንዴት ዝም ልበለው?»

ሁለቱ ሴቶች በልብሱ ላይ ተንጠለጠሉ። ጎተቱት፤ መሬት ላይ ጣሉት። እንደ ሕፃን ታገላቸው። በመጨረሻ ቀበቶው በቀጸላ እጅ ላይ ቀረና እሱ የውኃ ቅሉን ታቅፎ ሮጠ። ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን እንኳ አልቀነሰም፤ ቅሉን ወደ ፊት እንደዘረጋ፣ ለአንድ ሰው እንደሚያቀብል ሆኖ ከዓይናቸው ጠፋ።

ቀጸላ ከአፋፉ ላይ ተንበርክካ ለረጅም ጊዜ ቁልቁል አየች። ሰሙን ከጆሮዋ አውጥታ መጮህ ፈለገች፤ እንኮይ እጇን ይዛ ከለከለቻት። ሰይፉ ከነቀበቶው በአፈሩ ላይ ወድቆ ነበር። እንኮይ አንሥታ በትከሻዋ አነገተችውና መንገዱን በአገጯ አመለከተች። ሄዱ።

በተራራው ላይ ነፋሱ አልተከተላቸውም። እንኮይ «እዚህ የሱ አገር ነው፤ የዱምራው» አለች፤ ሰሙንም አወጡ። ይሁን እንጂ ተራራውም ተጎድቷል። ደኑ ቅጠሉን ጥሏል፤ ምንጮቹ ጭቃ ሆነዋል። ዱምራውን ያገኙት ከነጠፈ ምንጭ አጠገብ በጎኑ ተኝቶ ነው።

ቀጸላ እንዲህ ያለ ፍጥረት አይታ አታውቅም። ቁመቱ እንደ ፈረስ ነው፤ ጠጉሩ ግን ረጅምና አመድማ፣ ድሮ ጤዛ ይንጠለጠልበት የነበረ፣ አሁን የተቋጣጠረ። ከግንባሩ መካከል አንድ ጥቁር ሰማያዊ ቀንድ ወጥቷል። ዓይኖቹ በሞራ ተሸፍነዋል። ኮቴያቸውን ሲሰማ ሊነሣ ሞከረ፤ የፊት እግሮቹ ከዱት።

«አሁን ነው» አለች እንኮይ ሰይፉን እየመዘዘች። ድምፅዋ ግን ጽናት አልነበረውም። «ደክሟል። ሳይሰማው ይሞታል።»

«አይሆንም፤ እትዬ እንኮይ። የሞተ እንስሳ ቀንድ ይሰነጠቃል። በሕይወት ሳለ ራሱ ካልሰጠን አይሠራም።»

«እንስሳ ቀንዱን ለሰው የሚሰጠው ለምን ብሎ ነው? ወገኖቹን የጨረሰ ማን ሆነና?»

ቀጸላ ቅሏን ከትከሻዋ አወረደች። ለመመለሻ ያስቀመጠችው ውኃ ነበር፤ ሌላ የላትም። ከዱምራው ራስ አጠገብ ተቀምጣ በመዳፏ ላይ ጥቂት አፈሰሰችና ወደ አፉ አስጠጋች። ዱምራው አሸተተ። የሰው ሽታ ሲያገኝ መላ አካሉ ተንቀጠቀጠ። ጥሙ ግን በለጠበት፤ ሻካራ ምላሱን አውጥቶ ጠጣ። ደግማ አፈሰሰች። ጠጣ። ቅሉ ባዶ እስኪሆን ድረስ አጠጣችው።

«አባቴ እየሞተ ነው» አለችው፤ ይስማት አይስማት ሳታውቅ። «ልለምንህ ነው የመጣሁት። ብትከለክለኝም አልፈርድብህም።»

ዱምራው ረጅም ጊዜ ራሱን በጭኗ ላይ አሳርፎ ቆየ። ከዚያ በቀስታ ተነሣ። ግንባሩን በምንጩ አፍ ላይ ባለው ቋጥኝ አስደግፎ፣ አንድ ጊዜ እንደ ሰው አቃሰተና በሙሉ ክብደቱ ተጫነ። ቀንዱ ከሥሩ ተሰብሮ በቀጸላ እግር ሥር ወደቀ። ስታነሣው በእጇ ላይ ቀዘቀዛት፤ ላቡም እንደ ማለዳ ሣር መዳፏን አራሰው። ዱምራው ግን ተመልሶ ወደቀ፤ ከግንባሩ ደም እየፈሰሰ።

እንኮይ ሰይፉን ጣለችና ነጠላዋን ቀድዳ ቁስሉን አሰረች።

«አንቺ ሂጂ» አለች። «መውረጃውን ታውቂዋለሽ፤ በሜዳው ላይ ጆሮሽን ደፍነሽ ጀንበሯን በግራሽ አድርገሽ ሂጂ። ቀንዱን በከንፈርሽ እያስነካሽ ሂጂ፤ ከጥም ያድንሻል።»

«አንቺስ?»

«እኔማ የት እሄዳለሁ? ብቻውን ይሙት?»

ቀጸላ አንገቷን አቅፋ ሳመቻት። ወረደች። በሜዳው ላይ የአባቷ ድምፅ እንደገና ጠራት፤ ሰሙን አልፎ በአጥንቷ ውስጥ ጠራት፤ ቀጥሎም የዋርዳን ድምፅ ተጨመረበት። ቀንዱን በጉንጯ ላይ አስደግፋ እያለቀሰች ሄደች።

ከተማዋ ስትደርስ ማንም አልጮኸም፤ ለጩኸት የሚሆን ምራቅ ያለው ሰው አልቀረም። በየደጁ የተቀመጡት ቀንዱን አይተው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ማለዳ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ንጉሥ አዝማራን ከምሕርካ አጠገብ በመሬት ላይ ተቀምጠው፣ በውኃ የተነከረ ጨርቅ በከንፈራቸው ላይ ያስነኳቸው ነበር።

ቀጸላ አባቷን አላወቀቻቸውም። ክንዳቸው ቆዳው አጥንት ላይ ተጣብቆ የወይራ ሥር መስሏል። ጠጉራቸው ረግፏል። ዓይናቸው ብቻ የበፊቱ ነበር።

«መጣሽ» አሉ። «አሳዪኝ።»

ቀንዱን ወደ ፊታቸው አቀረበች። አዩት፤ በአፍንጫቸው አሸተቱት።

«ጥሩ ነው። ከጫፉ ሳይሆን ከመካከሉ ቁረጪ። ዋርዳንስ የት አለ?»

ቀጸላ መጋዟን እያወጣች አቀረቀረች። «ከልጁ ጋር ነው፤ አባዬ።»

ምሕርካ ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡ።

ከቀንዱ መካከል የአውራ ጣት ርዝመት ያህል ቆረጠች። በሞረድ እየሞረደች እንደ ወይራ ፍሬ ሞላላ አደረገችው፤ በወገቡ ዙሪያም ክሩ የሚቀመጥበት ቦይ ቀረጸች። በጮማ ታሽቶ የለፋ የፍየል ቆዳ በቀጭኑ በሦስት ሸንሽና አንድ ጠፍር ጎነጎነች፤ ጫፉን መልሳ ቀለበት አበጀች። ቀለበቱን በቁልፉ ላይ ለካችው፤ በግድ የሚገባ፣ በቀላሉ የማይወጣ ሆነ። እስከዚህ ድረስ ሥራው ሥራ ነበር። ከዚህ በኋላ ግን የመጽሐፏን ሽፋን መብሳት ይቀራል።

ወስፌዋን አንሥታ ቆመች። እሷም፣ አባቷም፣ ንጉሡም ያውቁት ነበር፤ የሚበሳው እያንዳንዱ ቀዳዳ ለነፋሱ አዲስ አፍ ነው። የሚጠጣውም ያቀፉትን ሰው ነው።

ንጉሥ አዝማራን ካባቸውን አወለቁ። «ምሕርካ፣ ይብቃህ። ክንዴን ልስጥ። የኔ ተራ ነው።»

«ንጉሥ ሆይ፣ መጽሐፏ ከእኔ ወደ እርስዎ ስትዛወር ይህች ከተማ ትነድዳለች። መሐላዬን አያፍርሱብኝ።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «በይ። መጀመሪያ የሽፋኑን የፊት ገበታ።»

ወስፌውን በክንዶቻቸው መካከል አስገብታ በእንጨቱ ጠርዝ ላይ ደገነች። ወጋች። ቀዳዳው ሲከፈት ፉጨት የመሰለ ድምፅ ወጣ፤ የምሕርካ ትከሻ ወደ ውስጥ ተሰረጎደ።

«ወስፌውን ቀጥ አድርጊ» አሉ በቀጭን ድምፅ። «እጅሽ ከተንቀጠቀጠ ቀዳዳው ይሰፋል።»

«እጄ አይደለም አባዬ። ልቤ ነው።»

«ልብሽን ተዪውና እጅሽን ስጪኝ።»

ሁለተኛውን ወጋች። ክር የሆነውን ጅማት በቁልፉ ቦይ ዙሪያ አዙራ በሁለቱ ቀዳዳዎች አሳልፋ አጠበቀች። ቁልፉ ተቀመጠ፤ ከቀዳዳዎቹ የሚወጣው ፉጨት በቀንዱ ጤዛ ታፍኖ ቀነሰ። የጠፍሩ ሥር የሚገባበት የኋላው ገበታ ቀረ። አባቷን ቀና ብላ ስታይ ጉንጫቸው ጎድጉዶ፣ ከንፈራቸው ከጥርሳቸው ተሰብስቦ ነበር። ወስፌው ከእጇ ወደቀ።

«አልችልም» አለች። «በወጋሁ ቁጥር የምወጋው እርስዎን ነው። አልችልም፤ አባዬ፣ ሌላ ነገር ይዘዙኝ።»

ምሕርካ የወደቀውን ወስፌ በዓይናቸው አመለከቱ።

«እናትሽ ስትሞት ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር» አሉ። «እጇን ይዤ መቀመጥ ብቻ። ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነበር፤ የምሠራው ነገር ማጣቴ። አንቺ አሁን የምትሠሪው አለሽ። እኔም የምሠራው አለኝ። አብረን ነን። አንሺው።»

አነሣችው። የኋላውን ገበታ በሳች። ፉጨቱ ጮኸ፤ የአዳራሹ መጋረጃዎች ደርቀው ተሰነጠቁ። የጠፍሩን ሥር በቀዳዳው አሳለፈች፤ ከውስጥ በኩል ቋጠሮ ቋጠረች፤ ቋጠሮውን በጅማት ሰፋችው፤ በጥርሷ አጠበቀች። ጉንጉኑን ስባ በመጽሐፏ ጠርዝ ላይ አሳለፈችና ቀለበቱን ወደ ቁልፉ አመጣች። አልደርስ አለ። ሽፋኑ ከሥር በነፋሱ ተገፍቶ ተነሥቷል።

«አባዬ፣ ትንሽ ይጫኑ! ትንሽ ብቻ!»

ምሕርካ የቀራቸውን ኃይል ሁሉ ወደ ክንዳቸው ሰበሰቡ። ክንዶቹ ሲንቋቁ ተሰማ። ሽፋኑ ዝቅ አለ። ቀለበቱ በቁልፉ ራስ ላይ ተንሸራትቶ ወገቡ ላይ ሲቀመጥ ጠቅ የሚል ድምፅ አሰማ።

ፉጨቱ ቆመ። በዓለም ላይ ድምፅ የሚባል ነገር የጠፋ መሰለ።

«ተያዘ» አለች ቀጸላ። «ተያዘ አባዬ! ይልቀቁት አሁን። ይልቀቁት።»

ምሕርካ አልለቀቁም። ዓይናቸው ተከፍቶ ማሰሪያው ላይ ቀርቷል።

ንጉሡ በግንባራቸው መሬት ላይ ወደቁ። ከውጭ በመጀመሪያ አንድ ሰው፣ ቀጥሎ መቶ ሰው ሲጮህ ተሰማ፤ ከሰሜን ደመና ታይቶ ነበር። መኳንንቱ ወደ መስኮቱ ሮጡ። ቀጸላ አልተንቀሳቀሰችም። ክንዶቹን ከመጽሐፏ ላይ ለማላቀቅ ሞከረች፤ እንደ ደረቀ ግንድ ጠንክረዋል። አንድ ዘብ «እኔ ልሞክር፤ ብናስገድደው…» ብሎ ሲጠጋ በዓይኗ መለሰችው።

ቆዳ ለማለስለስ የያዘችውን ጮማ ከከረጢቷ አወጣች። በመዳፏ አሞቀችው። ከትንሿ ጣት ጀመረች። አሸች፤ ጠበቀች፤ መልሳ አሸች። የመጀመሪያው ጣት ሲታጠፍ ወደ ሁለተኛው አለፈች። ዝናቡ በጣሪያው ላይ መውረድ ጀመረ፤ በአዳራሹ ሁሉም ያለቅሳል፣ ይስቃል፤ እሷ ከአንጓ ወደ አንጓ፣ ከክርን ወደ ትከሻ እያሸች ቆየች። ማንም አላቋረጣትም። ክንዶቹ በመጨረሻ ተፈትተው በጎናቸው ሲያርፉ መጽሐፏን አንሥታ ለንጉሡ ሰጠችና አባቷን አቀፈች። ቀለው ነበር። አንድ ነዶ ገለባ ያቀፈች ያህል ነበር።

ያን ጊዜ አለቀሰች።

ምሕርካ የተቀበሩት በነገሥታቱ መካነ መቃብር ነው፤ ንጉሥ አዝማራን አዝዘው። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ራሳቸው ነበሩ። ዝናቡ አላባራም። ሕዝቡ ከነሕፃኑ ወጥቶ በኮረብታው ላይ ቆሟል። ልብሱ በስብሷል፤ ፊቱ ረጥቧል፤ በእግሩ ሥር ጅረት ይወርዳል። ስንት ጊዜ ሲጸልዩለት የነበረ ዝናብ ነው። ደስታቸውን ከአንዲት ልጅ ኀዘን ፊት ሊያወጡት ግን አፍረው አንገታቸውን ደፍተዋል።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ንጉሡ ወደ ቀጸላ ቀርበው ለሕዝቡ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ተናገሩ።

«የምሕርካ ልጅ ሆይ፣ ከዛሬ ጀምሮ የአውራዝ ቤት ቤትሽ ነው። የፈለግሽውን ጠይቂ፤ እስከ መንግሥቴ እኩሌታ ይሰጥሻል።»

አንዲት ሴት ሕዝቡን እየሰነጠቀች መጥታ ከቀጸላ ጎን ቆመች። እንኮይ ነበረች፤ ነጠላ አልለበሰችም፤ እጇ በደረቀ ደም ጠቁሯል።

«ዱምራውስ?» አለቻት ቀጸላ በሹክሹክታ።

«ዝናቡ ሲጥልበት ራሱን ቀና አድርጎ ነበር» አለች እንኮይ። «ከዚያ አለፈ። ብቻውን ግን አልነበረም።»

ቀጸላ እጇን ያዘች። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረች። ልጆች በእናቶቻቸው ቀሚስ ሥር ምላሳቸውን አውጥተው ዝናቡን ይቀምሱ ነበር፤ እናቶቹም ይከለክሏቸው ነበር።

«አትከልክሏቸው» አለች። ወደ ንጉሡም ዞረች። «ንጉሥ ሆይ፣ የምጠይቀው ይህን ነው። ይዝፈኑ። አባቴ የሞተው ሕዝቡ እንዲህ ዝም ብሎ እንዲቆም አይደለም።»

መጀመሪያ ማንም አልደፈረም። ቆይቶ ከኋላ በኩል አንዲት አሮጊት በቀጭን ድምፅ የመከሩን ዘፈን ጀመረች። ሌላ ተቀበላት። ሌላም። ብዙ ሳይቆይ ኮረብታው በሙሉ ያስተጋባ ጀመር፤ ጎረምሶች በጭቃው ላይ ረገዱ፤ ሕፃናቱ አፋቸውን ወደ ሰማይ ከፈቱ።

ቀጸላ አልዘፈነችም። እንኮይን ተደግፋ፣ አዲሱ አፈር በዝናቡ ሲወርድ በእጇ እየመለሰች፣ በአባቷ መቃብር አጠገብ በጭቃው ላይ ተቀመጠች።